ሞጁላር ሲንተሳይዘርና የሚሰማባት ትንሽ አዳራሽ

ከሰው ጉሮሮ፣ ከክር፣ ከቆዳ፣ ከነሐስና ከመሳሰሉት በቀር ለሙዚቃ ሌላ ምንጭ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ የኤሌክትሪክን ኃይል ራሱን የዜማ ምንጭ ለማድረግ የደከሙ ጠቢባን ተነሡ፤ ከድካማቸውም ፍሬ አንዱ ሞጁላር ሲንተሳይዘር የተባለው መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ በሸክላ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሹን እንዳወቀ ይቆጠራል፤ ሙሉ ጠባዩ የሚገለጠው ተጫዋቹና አድማጩ በጠባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ሲገናኙ ነውና።

የመሣሪያው ታሪክም ከእንዲህ ያለ ክፍል ጋራ የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የሙዚቃ ደራስያኑ ራሞን ሴንደርና ሞርተን ሱቦትኒክ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የቴፕ ሙዚቃ ማእከልን መሠረቱ፤ ጥቂት ቆይቶም ማእከሉ በዲቪዛዴሮ ጎዳና ቁጥር 321 አነስተኛ አዳራሽ ይዞ፣ ፖሊን ኦሊቬሮስን የመሰሉ ደራስያን አዲስ ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሰሙበት ቤት ሆነ። በዚያ ወራት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ደራሲ ድምፁን በማግኔት ክር ላይ ቀድቶ፣ ክሩን በምላጭ እየቆረጠና መልሶ እያጣበቀ የጥቂት ደቂቃ ድርሰት ለመፈጸም ረጅም ጊዜ ይፈጅበት ነበር፤ አድማጩም በመጨረሻ ከድምፅ ማጉያ ፊት ሲቀመጥ የሚያየው ሠሪ አልነበረውም። ይህን ችግር ለማቃለል ማእከሉ ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ካገኘው ርዳታ 500 ዶላር ከፍሎ መሐንዲሱን ዶን ቡክላን አዲስ መሣሪያ እንዲሠሩለት አዘዘ፤ በዚያው ዘመን ሮበርት ሙግ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በዚሁ ሐሳብ ይደክሙ ነበር።

የአሠራሩ ጥንተ ነገር ይህ ነው። መሣሪያው በሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ጉባኤ ነው፤ አንዱ ጥሬውን ድምፅ ያመነጫል፣ ሁለተኛው ከድምፁ ውስጥ ቀጭኑን ወይም ወፍራሙን አጣርቶ ያስቀራል፣ ሦስተኛው ያጎላዋል ወይም ያከስመዋል። ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚታዘዙት በቮልት ሲሆን፣ በሙግ ሥርዓት 1 ቮልት በተጨመረ ቁጥር ድምፁ በ1 ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ትእዛዙን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያደርሰውም ተጫዋቹ በእጁ የሚሰካው አጭር ገመድ ነው። ቡክላ የፒያኖው ጥቁርና ነጭ መደብ አዲሱን ድምፅ በአሮጌው ቅኝት ያስረዋል ብለው ስላመኑ፣ በእርሱ ፈንታ ጣት ሲያርፍባቸው የሚመልሱ የብረት ሰሌዳዎችን አደረጉ።

በአዳራሹ ውስጥ የሚታየው ነገር እንግዲህ ከዚህ ይከተላል። ተጫዋቹ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ቮልት በአንድ ገመድ ወደ ማጣሪያው ሲመራ፣ ተደፍኖ የነበረው ጉርምርምታ እየተከፈተ እንደ ብረት ይጠራል፣ ደግሞም ተመልሶ ይደፈናል፤ ቅርብ የተቀመጠ አድማጭም በተጫዋቹ እጅ እንቅስቃሴና በድምፁ ለውጥ መካከል ያለውን ምክንያት በዓይኑ ስለሚያይ፣ ከሩቅ ሲሰማው ሁከት ይመስለው የነበረው ነገር ሥርዓት ያለው ሆኖ ለእዝነ ልቡናው ይገለጥለታል። እንዚራ ከተባለው የቆዳ ቁራጭ የተነሣ የሚመጣውን የበገናን ንዝረት የሚወድ የአገራችን ሰው፣ የድምፅ ውበት በጥራት ብቻ እንደማይለካ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ወደዚህ ጥበብ ለመግባት በሩ የተከፈተለት ነው።

ገመዶቹ ከተነቀሉ በኋላ ያንኑ ድምፅ እንደ ነበረ መልሶ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ጨዋታው በየምሽቱ አዲስ ፍጥረት ነው፤ ተጫዋቹም መሣሪያው የሚመልስለትን እየሰማ ቀጣዩን እርምጃ በዚያው ቅጽበት ይወስናል። ስለዚህ ይህን ጥበብ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ፣ ሸክላውን ከመግዛቱ አስቀድሞ በሚኖርበት ከተማ እንዲህ ያለችውን አዳራሽ ፈልጎ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ ይግባ፤ የተጫዋቹ እጅ ከሚታይበት ቦታም ይቀመጥ፤ የሚያውቀውን ዜማ መጠበቁንም ትቶ፣ አንድ ድምፅ ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደ ተለወጠ በትዕግሥት ይከተል።