«የለም» እና ያልተጠየቀው

ልጅ ጎረቤት ልከው «ወንፊት አላችሁ? በላቸው» ቢሉት ይዞት የሚመጣው «አለ» ወይም «የለም» ነው። መንገድ ላይ ኳስ ካገኘ ግን ሦስተኛ ነገር ይመጣል፤ ጭራሽ አልጠየቀም። ባዶ እጁን ሲመለስ እናት «የላቸውም ማለት ነው» ብላ ዱቄቷን ሳትነፋ ታቦካለች።

«ኮንፊገር» የሚባለው ስክሪፕት እንዲህ ያለ ተላላኪ ነው። በሊኑክስና በዘመዶቹ ላይ አንድ ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ከመገንባቱ በፊት ኮምፒውተሩን እየዞረ ይጠይቃል፦ ይህ ላይብረሪ አለ? ያ ፋንክሽን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ1991 ዴቪድ ማኬንዚ የጀመረው አውቶኮንፍ ይህን ተላላኪ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። መልሱ «የስ» ወይም «ኖ» ተብሎ በአንድ ቫሪያብል ይቀመጣል። ጥያቄው ከተዘለለ ቫሪያብሉ ባዶ ይቀራል።

ጣጣው ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሼል ባዶን በሚያይበት ዓይን ነው። የማዕዘን ቅንፍ በሼል ሥርዓተ ነጥብ ይመስላል እንጂ «ቴስት» የሚባለው ትእዛዝ ሌላ ስሙ ነው፤ ሥራውም የተሰጡትን ቃላት ቆጥሮ መፍረድ። «መልሱ ከየስ እኩል ነው?» ሲባል ሦስት ቃል ይጠብቃል፤ ዋጋውን፣ የእኩል ምልክቱንና «የስ»ን። ባዶው ቫሪያብል በጥቅስ ምልክት ካልታቀፈ ሼሉ ከነአካቴው ይሰርዘዋል፤ ቴስት ዘንድ የሚደርሰው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ያጉረመርምና 2 ቁጥርን መልሶ ይወጣል። እንደ መልሱ መንገድ የሚመርጠው «ኢፍ» ደግሞ ከ0 ውጭ ያለውን ሁሉ «አይደለም» ብሎ ስለሚቆጥር ስክሪፕቱ መንገዱን ይቀጥላል። ማጉረምረሙ በመቶ መስመሮች መካከል ያልፋል፤ ማን ያነበዋል?

የባሰው ግን ሰረዝ ኤን ነው፤ «ባዶ አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ምልክት። ባዶ ቫሪያብል ያለ ጥቅስ ሲቀርብለት ቴስት ፊት የሚቀረው ምልክቱ ራሱ ብቻ ነው። አንድ ቃል ብቻ ሲደርሰው ሕጉ ያ ቃል ባዶ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። ባዶ አይደለም፤ ስለዚህ «አዎ»። ጥያቄው ለራሱ መልስ ሰጠ፣ የስህተት መልእክት እንኳ የለም።

ጥቅስ ሁለቱንም ያድናል። በድሮ ስክሪፕቶች ግራና ቀኝ «ኤክስ» ፊደል ተለጥፎ የሚታየውም ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው፤ ያስጠላል፣ ግን ይሠራል። ሆኖም ጥቅስ ባዶ ሆኖ የተመለሰውን ጭራሽ ካልተጠየቀው አይለይም። ለዚያ የመደመር ምልክት ያለበት አጻጻፍ አለ፤ ቫሪያብሉ ባዶም ቢሆን ዋጋ ተሰጥቶት ከነበረ የተባለውን ቃል ይመልሳል፣ ካልነበረ ምንም። አውቶኮንፍ ቀድሞ ያገኘውን መልስ ደግሞ እንዳይጠይቅ የሚያጣራው በዚህ መንገድ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ መጠየቅ ራሱ አይቻልም። በላፕቶፕ ላይ ለራውተር የሚሆን ፕሮግራም ሲገነባ፣ የኮንፊገር መሞከሪያ ፕሮግራም የተሠራው ለራውተሩ ፕሮሰሰር ስለሆነ ላፕቶፑ ላይ አይሠራም። ሜሞሪ የሚያድለው «ማሎክ» 0 ባይት ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ የሚያጣራው ፍተሻ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ክፉውን ይገምትና «አርፒኤል ማሎክ» የሚባል ምትክ ያዛል። ምትኩን የጻፈ ከሌለ ግንባታው መጨረሻው ላይ ይከሽፋል። የባለሙያዎቹ መላ ኮንፊገርን ከማስነሳታቸው በፊት በፍተሻው ቫሪያብል «የስ» ብለው ራሳቸው መጻፍ ነው፤ ልጁ መልሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ከቤት ይወጣል።