ደመወዙ በከፊል ዶላር፣ በከፊል ተራራ

በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ተራራማ ከተሞች የሚገኙ የጎልፍ ሜዳዎች በየዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሠራተኛ ፍለጋ ይወጣሉ። የሚፈለገው ሣር የሚያጭድ፣ አሸዋ የሚያስተካክል፣ ውኃ የሚያጠጣ ጉልበት ነው። የቅጥር ማስታወቂያዎቹን ያነበበ ሰው ግን ከሰዓት ክፍያው ጎን ለጎን የተራራው ውበትና የእግር ጉዞው መንገድ ተጠቅሶ ማየቱ የተለመደ ነው። ለመሆኑ ተራራ ደመወዝ ሊሆን ይችላል? በሥራ ገበያ ረገድ መልሱ «አዎን» ነው፤ ለሁሉም ሠራተኛ ግን አይደለም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስል። ሠራተኛው ሜዳው የሚደርሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ተጫዋቾች ሳይመጡ ነው። ግሪን የሚባለው፣ ኳሷ የምትገባበት ቀዳዳ ያለበት ሣር፣ በየማለዳው እየታጨደ ቁመቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲሆን ይደረጋል። የማጨጃው ምላጭ ጥቂት ቢዛባ ሣሩ ተላጭቶ አፈሩ ይወጣል፤ ጠባሳው ለሳምንታት አይጠፋም። 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳም አንድ ቦታ አይቆይም፤ በዙሪያው ያለው ሣር በተጫዋቾች እግር እንዳያልቅ ይደፈንና ሌላ ቦታ ይቆፈራል። በዚያ ከፍታ ማለዳ ላይ አመዳይ ከወረደ ደግሞ ሥራው ይቆማል። የቀዘቀዘ ሣር ሲረገጥ ይሰበራል፤ ዱካውም ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ አመዳዩ እስኪቀልጥ ይጠበቅና ከተጫዋቾቹ ጋር እሽቅድምድም ይጀመራል።

ሠራተኛው ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ገደማ ይለቃል። ቅዳሜና እሁድ ሜዳው ስለሚጨናነቅ የብዙዎቹ የዕረፍት ቀን በሥራ ቀናት መካከል ይውላል። ይህ ለተራራ ወጪው ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ መንገዱ ጭር ይላል። ኮሎራዶ ከ14 ሺህ ጫማ (4 ሺህ 267 ሜትር) በላይ የሆኑ ከ50 የሚበልጡ ጫፎች አሏት። ከሁሉም የሚበልጠው የኤልበርት ተራራ 4 ሺህ 401 ሜትር ሲሆን ከእኛው ራስ ዳሸን ጥቂት ያንሳል። አብዛኞቹ በመንግሥት የደን ይዞታ ውስጥ ስለሆኑ ለመውጣት ክፍያ አይጠየቅም። በበጋው ወራት ከቀትር በኋላ መብረቅ ስለሚበዛ ወጪው ሌሊት ተነሥቶ እኩለ ቀን ሳይሆን መውረድ አለበት። ማለዳ መነሣት ለለመደ የጎልፍ ሜዳ ሠራተኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የሀገሮች ሀብት ጥናቱ የደመወዝ ልክ ከሥራው ደስ ማሰኘት ጋር እንደሚለያይ ጽፎ ነበር። ሰው የሚጸየፈው ሥራ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቃል፤ የሚወደው ሥራ በርካሽ ሠራተኛ ያገኛል። ሌሎች ለመዝናኛ የሚያደርጉትን አደንና ዓሣ ማጥመድ ለእንጀራ የሚሠሩ ሰዎች ድሆች መሆናቸውንም አስተውሏል። የጎልፍ ሜዳው ቀጣሪም የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው። ተራራውን ለሚወድ ወጣት የሚጨምረውን ዶላር ተራራው ይከፍልለታል።

ሒሳቡ የሚበላሸው ኪራይ ሲመጣ ነው። የኮሎራዶ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2025 14 ዶላር ከ81 ሳንቲም ነበር። በዚህ ሒሳብ 40 ሰዓት የሠራ ሰው በሳምንት 592 ዶላር ያገኛል፤ በ24 ሳምንት የሥራ ወቅት ወደ 14 ሺህ 200 ዶላር ይሆናል፤ ግብሩ ገና ሳይነሣ። የሜዳ ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ከፍ ያለ ይከፈላቸዋል። ይሁንና ያንኑ ተራራ የወደዱ ባለጠጎች ሁለተኛ ቤት እየገዙ የቤቱን ዋጋ ሰቅለውታል። ሠራተኛው በደመወዙ ቅናሽ የገዛውን ተራራ በኪራይ እንደገና ይገዛዋል ማለት ነው። አስፐንን የመሳሰሉ ከተሞች ለሠራተኛ የተለየ የመኖሪያ ቤት ፕሮግራም እስከ ማቋቋም የደረሱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ለውጭ አገር ሠራተኛ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ ከእርሻ ውጭ ለሆነ ወቅታዊ ሥራ ኤች-2ቢ በሚባለው ቪዛ ሰው ታስገባለች። በሕግ የተወሰነው ልክ በዓመት 66 ሺህ ሲሆን ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው የሣርና የአትክልት ሥራ ነው። ከመጡት አብዛኞቹ ሜክሲኳውያን ናቸው። ለቤተሰቡ ገንዘብ ለመላክ የመጣ ሰው ተራራውን እንደ ክፍያ አይቆጥረውም፤ ለእሱ የዕረፍት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው። በእኛም ደጋ ያደገ ሰው ተራራ የሚወጣው ገበያ ለመድረስ እንጂ ለመዝናናት አይደለምና ነገሩ ይገባዋል። ይህን ቪዛ አስገኛለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ ግን አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው አሠሪው ነው፣ ከሠራተኛው የቅጥር ክፍያ መቀበልም በሕጉ የተከለከለ ነው።

ጥቅምት ላይ በረዶው ሲመለስ ሣሩ ከሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ተረጭቶለት ሜዳው ይዘጋል። የሚቀሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ ወደ በረዶ ሸርተቴ ድርጅቶች ይሻገራሉ። እዚያም ከሰዓት ክፍያው ጋር የሚሰጣቸው የሸርተቴ ነፃ መግቢያ ካርድ ነው።