ጣራ ላይ ሀብት፣ ጣራ ሥር ሙቀት

ሥራዬ ጣራ ላይ ነው። በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ እተክላለሁ፤ ያፈሰሰውን እጠግናለሁ፤ ዕድሜው ያለቀውን አውርጄ በአዲስ እተካለሁ። ከጊዜ በኋላ የኤሌክትሪክ ፓነልም ጨምሬበታለሁ። ከተማዬ ቤርሼባ ናት፤ በደቡብ እስራኤል፣ ኔጌቭ የሚሉት በረሃ የሚጀምርባት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ከሞላ ጎደል ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት የብርድ ወራት ይወርድና ያልቃል። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት በአማካይ ከ33 ዲግሪ ይበልጣል፤ አንዳንድ ቀን 40ንም ያልፋል። ሌሊት ግን ወደ 20 ይወርዳል። ጥር ላይ ደግሞ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ነው የምንተኛው። የቀኑንና የሌሊቱን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ እንግዳ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ከተማዋን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጣራው ነው። በየጣራው ላይ ነጭ በርሜል፣ ከበርሜሉ ሥር ወደ ደቡብ ያዘነበለ ጥቁር ሰሌዳ። ይህ ዱድ ሼሜሽ የምንለው የፀሐይ ቦይለር ነው። ፓምፕ የለው፣ ሞተር የለው። ሁለት ሜትር ካሬ ገደማ የሆነ ሳጥን አለ፤ ላዩ መስታወት፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባ ብረትና ቀጫጭን ቧንቧ። ቀዝቃዛው ውኃ ከበርሜሉ ግርጌ ወደ ሳጥኑ ታች ይወርዳል፤ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፤ የሞቀ ውኃ ስለሚቀል በራሱ ጊዜ ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ በምትኩ ሌላ ቀዝቃዛ ይወርዳል። ፀሐይ እስካለች ድረስ ዑደቱ አይቆምም። በርሜሉ ከሰሌዳው ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። አንዳንድ ጀማሪ ቦታ ጠበበኝ ብሎ በርሜሉን ዝቅ አድርጎ ይተክለዋል፤ ከዚያ ሌሊት ሌሊት የሞቀው ውኃ ተመልሶ ሰሌዳው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ያድራል። ባለቤቱ ደግሞ ፀሐዩን ይወቅሳል።

አንድ መካከለኛ ቤተሰብ የሚጠቀምበት በርሜል 150 ሊትር ይይዛል። ያን ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል፤ በኤሌክትሪክ ቢሆን በርሜሉ ውስጥ ያለው ባለ 2,500 ዋት ማሞቂያ፣ ሬዚስታንስ የምንለው፣ ሦስት ሰዓት ገደማ መንደድ ነበረበት ማለት ነው። እኛ ግን ሬዚስታንሱን የምናበራው ሰማዩ በደመነ ቀን ብቻ ነው። ማብሪያው ኮሪደር ላይ ነው፤ ቀይ መብራት አለው። ማታ ማታ በየቤቱ የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፤ «ዱዱን ማን አብርቶ ረሳው?»

ይህ ነገር እንዴት እንዲህ ተራ ዕቃ ሆነ? በ1950ዎቹ (ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አገሪቱ ነዳጅ አጥሯት፣ መንግሥት ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ውኃ ማሞቅን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ያኔ ሌቪ ይሳር የሚባል መሐንዲስ በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ አበጅቶ በ1953 ኩባንያ አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ሃሪ ጽቪ ታቦር የተባለ ሳይንቲስት፣ የፀሐይን ብርሃን ውጦ ሙቀቱን መልሶ የማያባክን ጥቁር ሽፋን ሠራ፤ ሰሌዳው በእጅጉ ተሻሻለ። ያም ሆኖ ሰዉ በገፍ አልገዛውም። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ነው መንግሥት የነቃው። ከ1980 ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ቤት የሚሠራ ሁሉ፣ በጣም ረጃጅም ከሆኑት ሕንፃዎች በቀር፣ ዱድ ሼሜሽ እንዲተክል በሕግ ተገደደ። ዛሬ ከመቶ ቤት 85 ያህሉ አለው። ብዙ ሰው ሕዝቡ አካባቢውን ስለሚወድ ይመስለዋል፤ እኔ አይመስለኝም። ሕጉ ጣጣውን ሠሪው ላይ ጫነውና ነዋሪው ማሰብ ሳያስፈልገው ቀረ። ቤት ሲገባ ከበሩና ከመስኮቱ ጋር አብሮ ያገኘዋል፤ በቃ።

ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፓነል ሌላ ነገር ነው። ሰዎች «ይህ ሁሉ ሙቀት እያላችሁማ ፓነሉ ብዙ ይሰጣችኋል!» ይሉኛል። ፓነል የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀት ጠላቱ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ ፓነሉ በጋለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ ከመቶ 0.3 እስከ 0.4 ያጣል። በነሐሴ ቀትር መስታወቱ 65 ዲግሪ ሲደርስ ከመቶ ከአሥር እጅ በላይ ኃይል በሙቀት ብቻ ይባክናል። ጥሩ የሚሠራልን ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ቀዝቀዝ ባለበት የመጋቢትና የሚያዝያ ቀን ነው። ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። የአሸዋ ማዕበል አልፎ ጥቂት ጠብታ ዝናብ ከጣለበት መስታወቱ በጭቃ ይለሰናል። በማለዳ እጠቡት፤ በቀትር የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መልቀቅ መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በእኛ አካባቢ አንድ ኪሎዋት ፓነል በዓመት 1,700 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። አሥር ኪሎዋት ለመትከል ባለ 400 ዋት 25 ፓነልና 50 ሜትር ካሬ ገደማ ጣራ ያስፈልጋል። ነገሩ እዚህ ላይ ይከራል። በ2008 መንግሥት በቤቱ ጣራ ላይ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ለሚሸጥ ሰው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሁለት ሸቀል ከፍሎ መግዛት ጀመረ። ፓነል እየረከሰ ሲሄድ ዋጋው ወረደ፤ በ2018 ለትንንሽ ተከላዎች 48 አጎሮት፣ ማለትም ከግማሽ ሸቀል ያነሰ ሆነ፤ ግን ለ25 ዓመት ዋስትና ያለው። ደህና ገቢ ነው። ያገኘው ግን ማነው? የራሱ ጣራ ያለው፣ ባለ ቪላው። አራት ፎቅ የጋራ ቤት ውስጥ የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛ ሰው አይደለም። እሱ ጣራውን ከጎረቤት ሁሉ ጋር ይጋራል፤ ጣራው ላይ ደግሞ የሁሉም በርሜል ተደርድሯል። አንድ ፓነል ለመትከል የነዋሪዎች ኮሚቴ ስብሰባ ያስፈልጋል፤ ስብሰባ ደግሞ ምን እንደሆነ ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል።

ከከተማችን ወደ ደቡብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢነዱ አሻሊም ይደርሳሉ። ከሃምሳ ሺህ በላይ መስታወቶች ፀሐይዋን እየተከተሉ ዞረው ብርሃናቸውን ሁሉ 250 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ግንብ ጫፍ ላይ ይጥላሉ፤ በዚያ ሙቀት ውኃ ፈልቶ በእንፋሎቱ ተርባይን ይዞራል። ሥራ የጀመረው በ2019 ነው። ጫፉ በቀን እንኳ ዓይን ይወጋል። የሚያኮራ ነገር ነው፤ ነገር ግን ውሉ የተፈረመው ፓነል ውድ በነበረ ዘመን ስለሆነ፣ ከእሱ የሚገዛው ኤሌክትሪክ ዛሬ ከተራ ፓነል ከሚገኘው እጅግ ይወደዳል። በዚያው በረሃ መንግሥት እውቅና ያልሰጣቸው የበደዊን መንደሮች አሉ። የመብራት መስመር ስላልተዘረጋላቸው በቆርቆሮ ጣራቸው ላይ ፓነል፣ ከሥሩ ባትሪ አድርገው ይኖራሉ። በፀሐይ ኃይል ማን ኖረ ብትሉኝ ከእነሱ ቀድሜ የምጠራው የለኝም፤ ወደውት ግን አይደለም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣው ሰው ብዙው የሚኖረው ሺኩን በሚባሉት፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ለስደተኛ በጥድፊያ በተሠሩ የጋራ ቤቶች ውስጥ ነው። ግድግዳው ስስ፣ ሶሌታው እርቃኑን የሆነ አርማታ፣ ከላዩ ጥቁር ሬንጅ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ዱዳቸው አፍስሶ ጠሩኝ። ጠግኜ ስወርድ ሻይ አቀረቡልኝና «ልጄ፣ ይኼ ቤት ሌሊቱንም አያስተኛኝ። አንድ ማዝጋን አልበቃ አለ፤ ሁለተኛ ልግዛ?» አሉኝ። ማዝጋን ማለታቸው አየር ማቀዝቀዣውን ነው። የልጃቸው ደመወዝ ግማሹ ለመብራት እንደሚሄድ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«እማማ፣ አይቸኩሉ። ይነሡና ጣራውን በእጅዎ ይንኩት» አልኳቸው። ወንበር ላይ ቆመው መዳፋቸውን ኮርኒሱ ላይ አሳረፉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች። እጃቸውን ቶሎ መለሱ። እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ፣ እሳቱም ከጠፋ በኋላ ምጣዱ እንደሚግለው ሁሉ፣ አርማታውም ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን በሙሉ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ማዝጋኑ የሚታገለው ከውጭው አየር ጋር አልነበረም፤ ከጣራው ጋር ነው። ውጭማ ቀዝቅዟል!

ያደረግነው ውድ ነገር አይደለም። ጥቁሩን ጣራ ሙቀት በሚመልስ ነጭ ቀለም ቀባነው። ጥቁር ጣራ የፀሐይን ብርሃን ከሞላ ጎደል በሙሉ ይውጠዋል፤ አዲስ የተቀባ ነጭ ደግሞ አብዛኛውን ይመልሰዋል። በቀትር በሁለቱ መካከል 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ልዩነት ይኖራል። ቀጥሎ በምዕራብ በኩል ያለውን የመስኮት መዝጊያ ጠገንን፤ ትሪስ የምንለውን፣ ከውጭ በኩል የሚጠቀለለውን። መጋረጃ ስላላቸው አያስፈልገኝም ብለው ነበር። መጋረጃ ፀሐይን የሚያግደው ቤት ከገባች በኋላ ነው፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፏል። ከውጭ የተዘጋ መዝጊያ ግን ደጅ ላይ ይመልሳታል። ስለ ጣራው ቀለም ኮሚቴው ሲሰበሰብ ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤት «ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ሲከራከር፣ የጣራው ሬንጅ በፀሐይ ሲሰነጠቅ የሚያፈሰው ውኃ በግድግዳው ወርዶ እሱም ጋ እንደሚደርስ ነገርኩት። ዝም ብሎ ፈረመ።

ሦስተኛው ነገር ምንም አያስከፍልም። ያዙልኝ ያልኳችሁ የቀንና የሌሊት ልዩነት አለ አይደል? ማታ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ አየሩን ማሳለፍ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱንም መዝጊያውንም ዘግቶ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ማቆየት። እናቶቻችን ይህን ቶሎ ለመዱት፤ የሚያስቸግሩት ወጣቶቹ ናቸው፤ ማዝጋኑን ከፍተው መስኮቱንም ይከፍታሉ።

የሚገርመው፣ ቤርሼባ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። በ1900 ኦቶማኖች የቆረቆሩት አሮጌው ከተማ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የተሠራ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ናሁም ዞሎቶቭና ዳንኤል ሃቭኪን የተባሉ አርክቴክቶች ሄይ በሚባለው ሠፈር ዝቅ ያሉ፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ፣ መሐላቸው ግቢ ያላቸው ቤቶችን ነደፉ፤ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ግድግዳው ለእግረኛው ጥላ ይሰጣል። በነሐሴ በዚያ ማለፍ እወዳለሁ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮን በኖረበትና በተቀበረበት በስዴ ቦኬር፣ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የበረሃ ጥናት ተቋም አለ፤ እዚያው ነቬ ጺን በሚባለው ሠፈር ማንም ሰው የጎረቤቱን የብርድ ወራት ፀሐይ የሚጋርድ ቤት እንዳይሠራ ደንብ ወጥቷል።

የብርድ ወራት ፀሐይ ትልቅ ነገር ነው። ጎንደር ሳለን በሰኔ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ታልፍ ነበር። እዚህ ግን የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ ናት፤ በሰኔ 82 ዲግሪ ከፍ ብላ ከአናት በላይ ትቆማለች፣ በታኅሣሥ 35 ዲግሪ ላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ በደቡብ መስኮት ላይ አጠር ያለ ክፈፍ ብቻ ብትሠሩ፣ የሙቀቱን ፀሐይ ይጋርዳል፣ የብርዱን ያስገባል። ማሽን የለው፣ ወጪ የለው። የምዕራብ መስኮት ግን በክፈፍ አይድንም፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች።

ከ2022 ጀምሮ አብዛኛው አዲስ ሕንፃ የአረንጓዴ ግንባታ መለኪያ ማሟላት ግዴታው ሆኗል። ጥሩ ነው። ግን በአዳዲሶቹ ሠፈሮች ፓነል ልተክል ስወጣ፣ ምስክር ወረቀቱን ያገኘ ሕንፃ ወደ ምዕራብ የዞረ ከወለል እስከ ጣራ መስታወት ለብሶ አየዋለሁ። በረሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት፣ ላዩ በፓነል ቢሸፈንም፣ ለእኔ አረንጓዴ አይደለም። ፓነሉ ያመነጨውን ያው መስታወት ይበላዋል።

እንግዲህ በዚህ አገር ቤት ልትገዙ ወይም ልትከራዩ የምታስቡ ወገኖቼ፣ ቤቱን በጠዋት አትዩት። በሐምሌ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂዱ፤ መስኮቶቹ ወዴት እንደዞሩ፣ መዝጊያው ከውጭ መሆኑን፣ የላይኛው ፎቅ ከሆነም የጣራውን ቀለም እዩ። ሺኩን ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሁለተኛ ማዝጋን ከመግዛታችሁ በፊት ኮሚቴውን ጠርታችሁ ጣራውን ነጭ አስቀቡ። ውል ስትፈራረሙም ከጣራው ላይ የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈርላችሁ።