«ባባ» የማይወጣለት ልጅ

ናይሮቢ ውስጥ የሚወለድ ሕፃን አፉን ሲፈታ ቀድሞ ከሚቀናው ቃል አንዱ «ማማ» ነው። «መ» በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅም አይቸገርበትም። ችግሩ የሚመጣው «ባባ» ላይ ነው። «በ» እንዲፈጠር አየሩ ከከንፈር ኋላ መታመቅ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ለስላሳው የኋላ ላንቃ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ መዝጋት ይኖርበታል። መዝጊያው ከተሰነጠቀ አየሩ በአፍንጫ ያመልጥና «ባባ» ተመልሶ «ማማ» ይሆናል። በስዋሂሊ ባባ ማለት አባት ነው። ልጁ እናቱንም አባቱንም የሚጠራው በአንድ ስም ነው።

አማርኛም ለእንዲህ ያለ አፍ አይራራም። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጰ» እና «ጸ» ሁሉም የታመቀ አየር ይፈልጋሉ።

ከንግግሩ በፊት ግን ረኃቡ ይቀድማል። ጡት ለመጥባት አፍ ውስጥ አየሩ መሳሳብ አለበት፤ ላንቃው ክፍት ከሆነ አይሳሳብም። ወተቱ በአፍንጫ ይመለሳል፣ ሕፃኑ ሳይጠግብ ይደክማል፣ ክብደቱም ይወርዳል። በዓለም ላይ እንደየቆጠራው ከ700 እስከ 1,500 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ወይም ሁለቱም ተሰንጥቀው ይወለዳል። የተሰነጠቀ ከንፈር ለሁሉም ይታያል፤ ከንፈሩ ደህና ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ ግን ችግሩ ሳይታወቅለት ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ላንቃን መስፋት የቆየ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 ፓሪስ ውስጥ ፊሊቤር ሩ የተባለ ሐኪም ጆን ስቲቨንሰን የሚባል ካናዳዊ የሕክምና ተማሪ ለስላሳ ላንቃ ሰፋ። ማደንዘዣ ገና አልተገኘም ነበር። ተማሪው በማግስቱ ዓመት ኤዲንብራ ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚሁ በራሱ ላንቃ ላይ ጻፈ፤ በኋላም የማክጊል የሕክምና ትምህርት ቤት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ናይሮቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ዛሬ አምሬፍ በመባል የሚታወቀውን ድርጅት በ1957 የመሠረቱት ማይክል ውድ፣ አርቺባልድ ማኪንዶና ቶማስ ሪስ ሦስቱም የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪሞች ነበሩ። ማኪንዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተቃጠሉ አብራሪዎችን ፊት በመጠገን ስሙ የገነነ ኒውዚላንዳዊ ነው፤ ውድ ደግሞ የሱ ደቀ መዝሙር ነበር። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በኪሊማንጃሮ ተዳፋት ላይ ነው፤ ሥራው የተደራጀው ግን ናይሮቢ ላይ ነው። ሐኪሙ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ መንገድ ወዳልደረሰበት የገጠር ሆስፒታል ይበራል፣ ሕሙማኑን ያክማል፣ ይመለሳል። በ1987 ደግሞ ኦፕሬሽን ስማይል ከአምስት ዓመት በፊት ፊሊፒንስ ላይ የጀመረውን ነጻ የከንፈርና የላንቃ ቀዶ ሕክምና ይዞ ኬንያ ገባ። በእነዚህ ዓመታት ከንፈራቸው ተሰፍቶ ከሰው ፊት መሸሽ ላቆሙ ልጆች የተዋለውን ውለታ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ላንቃ ግን እንደ ከንፈር አይደለም። ከንፈር ከተሰፋ በኋላ ውጤቱ በሳምንት ውስጥ ይታያል። ላንቃ ሦስት ድርብርብ አለው፤ በአፍንጫ በኩል ያለው ስስ ሽፋን፣ መካከል ላይ ጡንቻው፣ በአፍ በኩል ያለው ሽፋን። ሐኪሙ አውራ ጣት በማታክል ቦታ ሦስቱንም ለየብቻ ይሰፋል። የሚጠቀምበት ክር፣ ለምሳሌ ቪክሪል የሚባለው፣ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ጉልበቱን ግን በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ በግማሽ ያጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥጋው ራሱ ተያይዞ መገኘት አለበት። ልጁ በቀን በመቶዎች ጊዜ ይውጣል፣ ያለቅሳል፣ ጣቱን ይጠባል፤ አፍ ደግሞ መቼም ከጀርም አይጸዳም። ደሙ ያነሰ፣ የተራበ ሕፃን ቁስል ቶሎ አይገጥምም። ስለዚህ እናቶች ለሳምንታት ኡጋሊ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎና ሌላ ጠንካራ ነገር ከልጁ እንዲያርቁ፣ ቀጭን ኡጂ እንዲያጠጡ ይመከራሉ። የእኛ ሰው አጥሚት እንደሚለው ያለ ነው። ጣቱን ወደ አፉ እንዳይሰድም ክንዱ ላይ መደገፊያ ይታሰራል።

ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ከለቀቀ ቀዳዳ ይቀራል። ስሙ ፊስቱላ ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቃሉን በሃምሊን ሆስፒታል በኩል በወሊድ ጉዳት ያውቀዋል፤ ትርጉሙ እዚህም ያው ነው፣ ሊኖር የማይገባው መተላለፊያ። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው ያሰሉ ተመራማሪዎች ይህ የሚደርሰው ከመቶ ከ5 እስከ 9 በሚሆኑ ልጆች ላይ ነው ይላሉ። በ2012 የታተመ ጥናት ግን በኢኳዶር ለአጭር ጊዜ በሚካሄድ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ የተሰፉ ላንቃዎችን ተከታትሎ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ቀዳዳ አገኘ፤ ለንጽጽር የቀረበው የአሜሪካ ማእከል ላይ ከመቶ 3 እንኳ አልሞላም። ቁጥሩ ከፍ ያለው የውጭ ሐኪሞች በሰፏቸውም የአገሬው ሐኪሞች በሰፏቸውም ላይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የማን እጅ ሰፋ የሚለው ብቻ አይደለም። ልጁ ከመሰፋቱ በፊት ማን አጠገበው? በአሥረኛው ቀን አፉን ከፍቶ ያየው ማን ነው? ከናይሮቢ ርቃ የምትኖር የቱርካና ወይም የጋሪሳ እናት ቀዳዳው ሲታያት የምትመለስበት በር የቱ ነው?

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በ2023 ውጤቱ የወጣ፣ 558 ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ላንቃቸው በ6 ወራቸውና በ12 ወራቸው የተሰፉትን አነጻጽሮ ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ላንቃው በንግግር ጊዜ አፍንጫን በሚገባ ያልዘጋላቸው ቀድመው ከተሰፉት 8.9 ከመቶ፣ ዘግይተው ከተሰፉት 15 ከመቶ ነበሩ። ዘመቻ እስኪመጣ የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ወሩ ብቻ ሳይሆን ሦስተኛ ዓመቱም ሊያልፍበት ይችላል።

ቀዳዳ ባይኖርም ላንቃው አጭር ሆኖ ንግግሩ በአፍንጫ ሊቀር ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ከጉሮሮ የኋላ ግድግዳ ሥጋ አንሥቶ ከላንቃው ጋር ይሰፋል። «ባባ» ይስተካከላል፤ መንገዱ ግን ስለጠበበ አንዳንዱ ልጅ ሌሊት ማንኮራፋት፣ ከዚያም በእንቅልፉ ትንፋሹ መቋረጥ ይጀምረዋል። ይኸው ላንቃ በሌላ በኩል ደግሞ ትንፋሽ ለመክፈት ይቆረጣል። ዲትሮይት ላይ ፉጂታ የተባለ ሐኪም በ1981 ባሳወቀው ቀዶ ሕክምና እንቅልፋቸው የሚታፈን አዋቂዎች እንጥላቸውና የለስላሳ ላንቃቸው ጠርዝ ተቆርጦ የቀረው ይሰፋል። እዚያም ስፌቱ ሊለቅ ይችላል፤ ብዙ ከተቆረጠ ደግሞ ውሃ በአፍንጫ መመለስ ይጀምራል። ያንኑ መተላለፊያ ማጥበብ እንቅልፍን ሊያውክ፣ ማስፋት ንግግርን ሊያፈስ ይችላል። ይህን ሚዛን ሊጠብቅ የሚችለው ሕመምተኛውን ደጋግሞ የሚያየው ሐኪም ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ክርክሩ ከአውሮፕላን ወደ ትምህርት ቤት የዞረው። በ1999 የተመሠረተው ስማይል ትሬይን ከመነሻው የአገሬውን ሐኪም ማሠልጠንና በቋሚነት መደገፍን መረጠ። በዚያው ዓመት የተቋቋመውና ኬንያንም ኢትዮጵያንም የሚያቅፈው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሐኪሙ አገሩን ሳይለቅ እንዲሠለጥን መንገድ ከፈተ። አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ሆስፒታል የፕላስቲክ ሰርጀሪ መማሪያ ሆኗል። ከሐኪሙ ጎን መቆም ያለባቸው የንግግር ባለሙያዎች ግን በሁለቱም አገር እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ገንዘብ የሚሰጡ ወገኖችም የተሰፋ ከንፈር ፎቶግራፍ እንደሚያሳምናቸው የንግግር ልምምድ ሰዓት አያሳምናቸውም። መለወጥ ያለበት ይህ ነው።

የንግግር ባለሙያው ፈተና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ትንሽ መስታወት ከልጁ አፍንጫ ሥር ይይዝና «ባባ፣ ባባ» በል ይለዋል። ላንቃው በደንብ ካልዘጋ መስታወቱ በትንፋሽ ይደበዝዛል።