ከፎርማት በፊት ሰርቪሶቹ ይታዩ

«እንደገና ይሞክሩ» የሚል መልእክት፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ረጅም ቁጥር፦ 0ኤክስ80070422። ከማይክሮሶፍት ስቶር አፕ ሊያወርድ ሲል ይህ የመጣበት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኔትወርኩን ነው። ዋይፋዩን አጥፍቶ ያበራል፣ ወደ ስልኩ ሆትስፖት ይዞራል፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርጋል። ሁሉም አልሆን ሲለው ላፕቶፑን ይዞ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ የሚሰጠው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ያው የታወቀው ነው፦ ፎርማት።

ፎርማት ችግሩን ያጠፋዋል። ባክአፕ ያልተደረገ የመመረቂያ ጽሑፍና የልጆች ፎቶም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ፕሮግራሞቹን ሁሉ እንደ አዲስ ማውረዱም አለ። የሚያሳዝነው ታዲያ ኮምፒውተሩ የታመመበትን ቦታ ከመጀመሪያው ተናግሮ ነበር። ቁጥሩን እንፍታው። ከፊት ያለው 8007 ስህተቱ ከዊንዶውስ የራሱ የስህተት መዝገብ የመጣ መሆኑን ብቻ ያመለክታል። ቁም ነገሩ ያለው ከኋላ በተቀመጠው 422 ላይ ነው። የተጻፈው በለመድነው በ10 ቤት ሳይሆን በ16 ቤት ስለሆነ፣ 4ን በ256፣ ቀጣዩን 2 በ16 አባዝተን የመጨረሻውን 2 ስንደምርበት 1058 ይወጣል። መዝገቡ ላይ 1058 ማለት «ሰርቪሱ ስለተዘጋ ሊነሣ አልቻለም» ማለት ነው። ኔትወርኩ ደኅና ነው፤ ዲስኩም አልሞላም። አፑን ለመጫን የሚያስፈልገው ሰርቪስ እንዳይነሣ ታግዷል።

ሰርቪስ የምንለው መስኮት ሳይከፍት ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ከመቶ በላይ አሉ፤ አንዱ ሰዓት ያስተካክላል፣ አንዱ ዋይፋይ ያገናኛል፣ ሌላው ለፕሪንተር የተላከውን ያሰልፋል። ስታርት ላይ ሰርቪስስ ብለው ቢፈልጉ ዝርዝሩ ይከፈታል። «ስታርትአፕ ታይፕ» በሚለው ዓምድ ሥር በዋናነት የሚደጋገሙት ሦስት ቃላት ናቸው፦ አውቶማቲክ፣ ማንዋል፣ ዲሴብልድ። አውቶማቲክ የሆነው ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ማንዋል የሆነው ጤና ጣቢያ ውስጥ እንደሚያድር ተረኛ ነው፤ በር ካልተንኳኳ አይነሣም፣ ከተንኳኳ ግን ይነሣል። ዲሴብልድ የተደረገውን ማንም ቢጠራው አይመጣም።

ማንዋል ላይ ሆኖ ያልተነሣ ሰርቪስ ራም አይበላም፣ ዳታም አይጨርስም። ስለዚህ ማንዋል የነበረውን ዲሴብልድ ማድረግ ኮምፒውተሩን አያፈጥነውም። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተፈለገ ጊዜ አለመገኘቱ። ብዙ ሰው «ትርፍ ነገር ዘጋሁ» ብሎ የሚያስበው፣ ሲጀመር ያልተነሣውን ሰርቪስ ነው።

ልማዱ ግን ከሜዳ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ በ64 ሜጋባይት ራም ላይ ሊጫን ይችል ነበር፤ በዚያ ማሽን ላይ ጥቂት ሰርቪሶችን መዝጋት የሚታይ ለውጥ ያመጣል። የደኅንነትም ጉዳይ ነበረበት። ኤክስፒ ላይ ሜሴንጀር የሚባለውን ሰርቪስ ማስታወቂያ ላኪዎች መጫወቻ ስላደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰርቪስ ፓክ 2 ማይክሮሶፍት ራሱ ዘግቶ አወጣው። «ብላክ ቫይፐር» በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ደግሞ የትኛው ይዘጋ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን በሰንጠረዥ አዘጋጅቶ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ ታወቀ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲመጣ፣ ዩኤስቢ ሲሰካ ወይም ኔትወርክ ሲገኝ ብቻ ሰርቪስ የሚነሣበት አሠራር ተጨመረ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። ማሽኑ ይህን ያህል ተለውጦም የኤክስፒ ዘመኑ ምክር አሁንም በቪዲዮ ይዞራል፤ ይባስ ብሎ አንዴ ሲነካ ብዙ ሰርቪስ የሚዘጋ ስክሪፕት ሆኖ ይታደላል።

ስቶር ላይ አንድ አፕ መርጠው «ኢንስቶል» ሲሉ ሥራውን የሚረከበው ማይክሮሶፍት ስቶር ኢንስቶል ሰርቪስ ነው። ፈቃዱን ክላየንት ላይሰንስ ሰርቪስ ያጣራል። ፋይሉ የሚወርደው ዊንዶውስ ራሱን በሚያድስበት መንገድ፣ በዊንዶውስ አፕዴትና በዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን በኩል ነው፤ አፕዴት ለማስቆም ብሎ ዊንዶውስ አፕዴትን የዘጋ ሰው ሳያስበው ስቶሩንም የሚዘጋው ለዚህ ነው። የፋይሉ ዲጂታል ፊርማ ትክክለኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ክሪፕቶግራፊክ ሰርቪስስ ይጠራል። በመጨረሻ ጥቅሉን ፈትቶ አፑን የሚመዘግበው አፕኤክስ ዲፕሎይመንት ሰርቪስ ነው። ከስቶር ውጭ፣ በፍላሽ የመጣ ፕሮግራም ሲጫን 1601 የሚል ስህተት ካመጣም ዊንዶውስ ኢንስቶለር የሚባለውን ማየት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ሰው የማይጠረጥረው ፋየርዎሉን ነው። ብዙ የስቶር አፕ ከሌሎች ተለይቶ በራሱ አጥር ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ፣ የኔትወርክ ፈቃዱ ገና ሲጫን በፋየርዎሉ ሰርቪስ በኩል መመዝገብ አለበት። ያ ሰርቪስ ከተዘጋ ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ የለም፤ ጭነቱ 0ኤክስ800706ዲ9 ብሎ ይቋረጣል። ይህም በዚያው ስሌት ሲፈታ 1753 ነው፤ የተጠራው ወገን አልተመዘገበም እንደ ማለት። ፋየርዎሉን ከሴቲንግ ማጥፋትና ሰርቪሱን መዝጋት አንድ አይደሉም። ማይክሮሶፍትም ሰርቪሱን መዝጋት አፕ እንዳይጫን፣ ስታርት ሜኑም እንዳይሠራ ሊያደርግ እንደሚችል በይፋ ያስጠነቅቃል። አንድ ሰርቪስ ላይ ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉ «ዲፔንደንሲስ» የሚል ገጽ በማን ላይ እንደተደገፈ ያሳያል። ጥሩ መነሻ ነው፤ እንደ ፋየርዎሉ ያለው ጥገኝነት ግን ሁልጊዜ እዚያ አይታይም።

መፍትሔው አጭር ነው። ከላይ የተጠሩትን ሰርቪሶች ዝርዝሩ ውስጥ አንድ በአንድ ይፈልጓቸው። ዲሴብልድ የሆነ ካለ ይክፈቱት፣ ማንዋል ያድርጉት፣ «አፕላይ» ይበሉ፣ ከዚያ «ስታርት»ን ይጫኑ። ፋየርዎሉና ክሪፕቶግራፊክ ሰርቪስስ ግን ወደ አውቶማቲክ ይመለሱ፤ ቦታቸው እሱ ነው። «ስታርት» ሲባል 1068 የሚል ቁጥር ከመጣ፣ የተደገፈበት ሌላ ሰርቪስ ተዘግቷልና መጀመሪያ እሱን ማስነሣት ያስፈልጋል።

አፕኤክስ ዲፕሎይመንትና ክላየንት ላይሰንስ ላይ ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ሊል ይችላል። ዊንዶውስ እነዚህን ከዚህ መስኮት እንዳይነኩ ስለሚጠብቃቸው፣ ተዘግተው ከተገኙ የዘጋቸው ምናልባት የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበትን ሬጂስትሪ በቀጥታ የነካ ስክሪፕት ነው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ሰርቪስ «ስታርት» የሚባል ቁጥር አለው፤ 2 አውቶማቲክ፣ 3 ማንዋል፣ 4 ዲሴብልድ። 4ቱን ወደ 3 መመለስና ሪስታርት ማድረግ ነው፤ ሬጂስትሪውን ሳይነኩ በፊት ግን ሪስቶር ፖይንት ይፍጠሩ። ስክሪፕቱ የዘጋው በጣም ብዙ ከሆነም ዊንዶውስን ፋይልና ፕሮግራም እንደያዘ በላዩ ላይ እንደገና መጫን ይቻላል። ጥገና ቤት «ፎርማት» ሲባሉ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

ሰርቪስ የዘጉት ዳታ ለመቆጠብ ከሆነ ምክንያትዎ እውነተኛ ነው። በፓኬጅ የሚገዛ ኢንተርኔት በሆትስፖት ወደ ላፕቶፕ ሲገባ አንድ ትልቅ አፕዴት ሊጨርሰው ይችላል። ለዚህ የተሠራው ግን «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚባለው ምርጫ ነው። ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ተገናኝተው ሳለ በሴቲንግ ወደዚያ ኔትወርክ ዝርዝር ገብተው ያብሩት። ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ሳይጠይቅ ማውረዱን ያቆማል፣ ስቶርም አፖችን በራሱ ማደሱን ይተዋል፤ እርስዎ መርጠው የሚጭኑት አፕ ግን ይወርዳል። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንም ሰርቪሱ ሳይዘጋ፣ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር ፋይል መለዋወጡን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ሚተርድ የሚሠራው ለእያንዳንዱ ኔትወርክ ለየብቻ ስለሆነ የቢሮውን ዋይፋይ አይንኩት፤ የደኅንነት አፕዴቶቹ በዚያ በኩል ይምጡ።