አባ ጎርጎርዮስ በጎታ፦ በሰው አገር ያስተማረ መምህር

ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ወጣ ገባ ስንል ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ አይታጣም። አንዳንዱ የሁለት ቀን እንግዳ ነው፤ ዓሣውን በልቶ፣ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳውን ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ወር ሁለት ወር ይቀመጣል፤ ከአንዷ ቡና አፍይ ዘንድ ደንበኛ ይሆናል፣ ሰላምታውንም ይለማመዳል። እኛም ሲናገር እንስቃለን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከት ብለን ነው የምንስቀው።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ግን ተራው የኛ ሆነ። ከመካከላችን አንዷ እዚሁ መሃል ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ አፏን በአማርኛ የፈታች ናት። የተመደበችው ከከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ ነበር። ልጆቹ ሲዳምኛ ይናገራሉ፤ እሷ የምታውቀው በደብተር የጻፈችውን ጥቂት ቃላት ነው። ገብታ ሰላምታ ስትሰጥ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ማታ ወደ መኝታ ቤት ተመልሳ «ሁለተኛ አልሄድም» አለችን። ምን እንበላት? በዚያ ሰሞን ከመምህራኖቻችን አንዱ የነገሩን ታሪክ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን፤ ከዚያ በኋላ እኛም ባገኘነው መጽሐፍ ሁሉ ተከታተልነው።

ታሪኩ የአባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በአማራ አገር ከመካነ ሥላሴ የተነሣ የቤተ ክህነት ሰው ነበር። ዘመኑ ክፉ ዘመን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩ በጦርነት ከታመሰ በኋላ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያን የሚባሉትን መነኮሳት ከአገር አስወጡ። ጎርጎርዮስ ከነዚህ መነኮሳት ጋር ቅርበት ስለነበረው አገሩን ለቆ ተሰደደ፤ በመጨረሻም ሮም ገባ።

ሮም ሲገባ ግን ባዶ ሜዳ ላይ አልወደቀም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የሚባል አለ፤ ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎችና መነኮሳት ማረፊያ ነበር። ቤቱ ማደሪያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግዕዝ ተምሮ ዳዊትን በማተሚያ ቤት አሳትሟል። በ1548ም አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀምሯል። እንግዲህ ፊደላችን በማተሚያ ማሽን መጀመሪያ የታተመው በሰው አገር ነው ማለት ነው።

በ1649 ወደዚህ ቤት አንድ የ25 ዓመት ወጣት መጣ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው (የአገሩ ሰዎች ሂዮብ ይሉታል)፤ የተወለደው ጀርመን አገር ኤርፉርት ከተማ ነው። ሮም የመጣው ለስዊድን መንግሥት የጠፋ ሰነድ ሊያፈላልግ ነበር፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከታተሙት መጻሕፍት እየለቀመ ያለ መምህር ግዕዝ ሲያጠና ዓመታት አልፈውታል። ግዕዝ ሲነበብ ግን በጆሮው ሰምቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ የሆነውን ራሱ ሉዶልፍ ጽፎታል። መጽሐፉን ገልጦ አነበበላቸው፤ መነኮሳቱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ያነበበውን ሲተረጉምላቸው ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ፤ ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ ማወቁ ገረማቸው።

ለምን ሳቁ? ይህ ለኛ ለዕጩ መምህራን ቁልፍ ጥያቄ ነው። ፊደል ሁሉን አይናገርም። አንደኛ፣ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ የሚባሉት ፈንጂ ድምፆች በጀርመንኛ የሉም፤ ሥዕላቸውን ያየ ሰው ድምፃቸውን ሊገምት አይችልም። ሁለተኛ፣ ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም። «ዋና» ብለን ጽፈን ሐይቁ ውስጥ የሚዋኘውንም ዋና፣ የመሥሪያ ቤቱንም ዋና እናነባለን፤ «ገና» ብለን በዓሉንም፣ ያልደረሰውንም ነገር። እኛ ማጥበቅና ማላላቱን ከእናታችን ጡት ጋር ስለጠባነው ችግር መኖሩንም አናስተውል። ሦስተኛ፣ ሳድሱ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። በግዕዝማ ይብሳል፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባለው የንባብ ስልት ከመምህር አፍ እንጂ ከብራና አይገኝም። በየንባብ ቤቱ ሕፃናት ዓመት ሙሉ ከየኔታ ፊት ተቀምጠው የሚያነበንቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይኸውላችሁ፣ ጓደኛችን የገጠማትም ይኸው ነው። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ፊደሉን ስላወቀች ቋንቋውን ማንበብ የምትችል መስሏት ነበር። ነገር ግን በሲዳምኛ የአናባቢው መርዘምና ማጠር የቃሉን ፍቺ ይለውጣል። እሷ ረጅሙን አሳጠረችው፤ ልጆቹ ሳቁ። ሳቃቸው ንቀት አልነበረም። ትክክለኛውን ድምፅ የሚያውቅ ጆሮ እንደሆነ የተሳሳተውን ሲሰማ ይኮረኮራል፣ በቃ።

ወደ ሮም እንመለስ። ጎርጎርዮስ ላቲን አያውቅም፤ ሉዶልፍ አማርኛ አያውቅም። ታዲያ ትምህርቱ በምን ተካሄደ? በግዕዝ። እስቲ ልብ በሉት፤ ግዕዝ ለሁለቱም የእናት ቋንቋ አይደለም። አንዱ ከጉባኤ ቤት፣ ሌላው ከታተመ መጽሐፍ ያገኙት ነው። በአፍ ሳይግባቡ ሲቀሩ በጽሑፍ ይግባባሉ። የግዕዙ ንባብ ከተስተካከለ በኋላ በግዕዝ ድልድይነት ወደ አማርኛ ተሻገሩ።

አማርኛው ላይ ግን መምህሩም ተቸገረ ማለት ይቻላል። ለግዕዝ የተደራጀ ትምህርት አለ፤ ግሱ በየቤቱ ተከፍሎ፣ የቀተለ ቤት፣ የቀደሰ ቤት እየተባለ ይወርዳል። የአማርኛን ሰዋስው የሚያስተምር ጉባኤ ቤት ግን በዚያ ዘመን አልነበረም። አማርኛ «ልሳነ ንጉሥ» ይባል እንጂ የቤት ቋንቋ ነው፤ ሰው ይናገረዋል እንጂ አይማረውም። ሉዶልፍ ሲጠይቅ ጎርጎርዮስ ስለ ገዛ አፉ ማሰብ ነበረበት። ይህን የሞከረ ያውቀዋል። «እበላለሁ» ካልን በኋላ ለምን «አልበላም» እንላለን፣ «ለሁ» የት ሄደ ብሎ የ10 ዓመት ልጅ ቢጠይቀን ስንቶቻችን እንመልሳለን?

በ1652 ነገሩ ሰፋ። ሉዶልፍ በጎታ ከተማ በመስፍኑ ኤርነስት ዘንድ ሥራ ገብቶ ስለ መምህሩ አወራ፤ መስፍኑም ጎርጎርዮስን ከሮም አስጠራው። ከጣሊያን ወደ መካከለኛው ጀርመን መሄድ ማለት የአልፕስን ተራሮች መሻገር ማለት ነው። የሠላሳው ዓመት ጦርነት የሚባለው እልቂት ያበቃው በ1648 ነበርና ያልፍበት የነበረው አገር ገና ቁስሉ ያልሻረ ነው። እኛ አውሮፓ ሲባል የሚታየን ፎቅና መብራት ነው፤ እሱ ያየው የተቃጠለ መንደርና የተራቆተ ገበሬ ሳይሆን አይቀርም። የመስፍኑ ግንብ ፍሪደንሽታይን እንኳ ገና በመሠራት ላይ ነበር፤ የተጀመረው በ1643፣ ያለቀው በ1654 ነው። ስሙ በኛ ቋንቋ «የሰላም ድንጋይ» እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሮም ከ1582 ጀምሮ አዲሱን አቆጣጠር ትጠቀም ነበር፤ የጀርመን ፕሮቴስታንቶች ግን እስከ 1700 ድረስ በአሮጌው ቆዩ። ስለዚህ ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥቶ ጎታ ሲገባ ቀኑ በ10 ቀን ወደ ኋላ ተመለሰለት። ለመንገደኛ ይህ ግራ ያጋባል፤ ለኢትዮጵያዊ ግን ሳይመቸው አልቀረም፤ አሮጌው አቆጣጠር ከኛው ጋር አብሮ የሚሄድ ነውና። አዲሱን ያወጁት ጳጳስ ስማቸው ጎርጎርዮስ መሆኑስ!

በጎታ ጥቂት ወራት ተቀመጠ። ቆይታው እንደ ሽርሽር አልነበረም። መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ አገሩ ይጠይቁታል፤ የመለሰውም ይጻፋል። በዚያ ዘመን አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚያወራው ግማሹ ተረት ነበር፤ «ቄስ ዮሐንስ» የሚባል ወሰን የለሽ ባለጸጋ ንጉሥ አለ ይባላል፣ በ1610 ኡሬታ የሚባል እስፓንያዊ መነኩሴ ያሳተመው መጽሐፍም በፈጠራ የተሞላ ነበር። ሉዶልፍ ኋላ እነዚህን በመጽሐፉ ሲያፈርስ አንዱ ምስክሩ የጎርጎርዮስ ቃል ነው። አንድ ሰው፣ በባዕድ አገር፣ ስለ ሙሉ አገር ይመልሳል። ከባድ ነው። ውጭ አገር ቆይተው የመጡ ዘመዶቻችንም ይህንኑ ይነግሩናል፤ እዚያ ስትኖር ስለማታውቀው ሰፈር ሁሉ አንተው ነህ ተጠያቂ ይላሉ።

ጎርጎርዮስ ያረፈባትም አገር ለመምህራን እንግዳ አይደለችም። መስፍኑ ኤርነስት በ1642 በግዛቱ ያሉ ልጆች ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከ5 ዓመታቸው ጀምሮ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አዟል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አንድሬያስ ራይኸር ያዘጋጀው የማስተማሪያ መመሪያ መምህሩ በየትኛው ክፍል ምን እንደሚያስተምር በዝርዝር ይናገራል። በዛሬ አነጋገር ሥርዓተ ትምህርትና የመምህሩ መምሪያ ማለት ነው። አንዱ ወገን የታተመ መመሪያ ይዟል፣ ሌላው በቃል የወረደ የጉባኤ ቤት ሥልት ይዟል፤ ሁለቱ በአንድ ግንብ ውስጥ ተገናኙ። ሊቃውንቱ ስለ የኔታ ትምህርት ቤት ጠይቀውት ቢሆን ምን ይላቸው ነበር እያልን በመኝታ ቤታችን ብዙ ተከራክረናል።

ከዚያ በኋላ ጎርጎርዮስ ወደ ሮም ተመለሰ፤ ከሉዶልፍ ጋርም በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ከደብዳቤዎቹም ለዛሬ የደረሱ አሉ። አገሩን ግን አልረሳም። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ተነሥቶ በመርከብ ሲጓዝ ዛሬ እስክንድሩን በምትባለው በቱርክ ጠረፍ አጠገብ መርከቡ ተሰበረ፤ እሱም ሰጥሞ ሞተ።

ተማሪው ከሱ በኋላ 46 ዓመት ኖረ። የግዕዙን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 አሳተመ፤ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፤ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698። ይህ የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ነው። ሉዶልፍ ያኔ የ74 ዓመት ሽማግሌ ሲሆን ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በእግሩ የሚሄድለት ሰውም ተሞክሮ ነበር፤ መስፍኑ በ1663 ቫንስሌብ የሚባል ወጣት ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ከግብፅ ሳያልፍ ቀረ። ስለዚህ ያ ሁሉ መጽሐፍ በአብዛኛው ከአንድ መምህር አፍና ከመጻሕፍት የተቀዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሉዶልፍም አልካደውም፤ የመምህሩን ስም ደጋግሞ ይጠራል፣ ሥዕሉንም በመጽሐፉ አሳትሞለታል። በዚህስ እናከብረዋለን። ከሰው አፍ ለቅመው ስም የማይጠሩ ስንት አሉ!

ከጎርጎርዮስ በኋላም በአውሮፓ አማርኛ ያስተማሩ አሉ። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ከ1905 እስከ 1908 በበርሊን የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተምረው ተመልሰዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኔፕልስ ሲያስተምር «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1908 ሮም ላይ አሳተመ፤ የኋላ ፖለቲካው ሌላ ጉዳይ ነውና እናልፈዋለን። ስለነዚህ በሌላ እትም እንመለስበታለን።

ጓደኛችንስ? በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ሰላምታውን በሰሌዳ ጻፈችና አንድ ልጅ አስወጥታ «አንተ በል፣ እኔ ልከተልህ» አለችው፤ እሱ አለ፣ እሷ ተከተለች፣ ክፍሉም አረማት። ከዚያ ደግሞ በተራቸው የአማርኛውን «ጠ» እና «ተ» ለየችላቸው። ልምምዱ ሲያልቅ ደብተሯ ውስጥ 200 ያህል ቃላት ነበሩ፤ ረጅሙ አናባቢ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሠምሮበታል። ደብተሩን ለሚመጡት ሠልጣኞች ለማዋስ ፈቃደኛ ናት።

እናንተም በተመደባችሁበት ቦታ ምላሳችሁን ያስቸገራችሁ ድምፅ፣ ልጆችን ያሳቀ ቃል ካለ ጽፋችሁ በዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ሣጥን ጨምሩልን፤ ለሚቀጥለው እትም እናሰናዳዋለን።