አራት ትንንሽ ብርጭቆ፣ አንድ መንጃ ፈቃድ

በአሽዶድ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ በጋራዦች መካከል፣ አንድ ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ቤት ጎብኚ ይቀበላል። ባለፈው ሰሞን አራት ሆነን ሄድን። ከመካከላችን አንዱ በወደቡ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በጎንደር ሳሉ ለበዓል ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ አንዲት እናትም አብረውን ነበሩ።

ጉብኝቱ ከብቅሉ ከረጢት ይጀምራል። የተከካው ብቅል 65 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል፤ ስኳሩ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ተጣርቶ ይፈላል፤ ለምሬቱ ሆፕስ፣ እዚህ አገር ክሹት የሚሉት፣ ይገባበታል። ሲቀዘቅዝ እርሾ ተጨምሮበት በብረት ጋን አንድ ሁለት ሳምንት ይብላላል።

እናታችን ጥቁሩን የተቆላ ብቅል አሸት አድርገው «ይሄማ አሻሮ ነው» አሉ። ክሹቱንም ወዲያው ጌሾ አደረጉት። አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም ለምሬት የሚገቡ ናቸው። ልዩነቱ ጠላ የተገዛ እርሾ አለመፈለጉ ነው፤ ጥንስሱ ከጌሾውና ከጋኑ በሚያገኘው ይብላላል፤ ስለዚህ የአንዷ ቤት ጠላ ከጎረቤቷ አይመሳሰልም። በወይራ የምናጥነውን ጋን እነሱ በኬሚካል ያጥቡታል። እንዲያውም አብዛኛው የሥራ ሰዓት በማጠብ ያልፋል። ሥራ የምትፈልጉ ወጣቶች ይህን እወቁ፦ በእንዲህ ያለ ቤት የሚቀጠረው ሰው ጥቂት ነው፤ ሥራውም ከረጢት መሸከም፣ በርሜል ማንሳትና ወለል ማጠብ ይበዛበታል።

ቅምሻው አራት ብርጭቆ ነው፤ እያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 5 በመቶ አልኮል ካለው፣ አራቱ ሲደመሩ 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ናቸው። ጉበት በሰዓት 7 ወይም 8 ግራም ያህል ብቻ ስለሚያስወግድ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ በሰውነት ይቆያል። ቡና ጠጥቶ ማፋጠን የለም።

የእስራኤል ሕግ ለተራ ሾፌር በአንድ ሊትር ትንፋሽ እስከ 240 ማይክሮግራም ይፈቅዳል። ዕድሜው ከ24 ዓመት በታች ለሆነ፣ ለአዲስ ሾፌር፣ ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ ሾፌር ግን 50 ብቻ ነው። ይህ ማለት አለመጠጣት ነው። በስካር የተፈረደበት ሰው መንጃ ፈቃዱ በመደበኛው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይታገዳል፤ በመንጃ ፈቃድ ለሚያድር ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ጓደኛችን አራቱንም አሸተተ፣ ማልት ጠጣ፣ እኛንም ወደ ቤት አደረሰን።

ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ፦ ዋጋው በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በቡድን? ምግብ ይጨምራል? የካሽሩት ወረቀት አለ? የሚነገራችሁ ዋጋ ማዓምን የጨመረ መሆን አለበት፤ ሲከፈል የሚጨመር ነገር ካለ አትቀበሉ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ መጎብኘት ቢፈቀድለትም አልኮል አይሸጥለትም።

እናታችን ሲወጡ አንድ ነገር ጠየቁን፤ ጠላቸውን ለሠርግ ቢሸጡስ? ለቤተሰብ መጥመቅ ሌላ፣ መሸጥ ሌላ ነው። ለሽያጭ ከማዘጋጃ ቤቱ የንግድ ፈቃድ፣ ከጤና ሚኒስቴር የአምራች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአልኮል ቀረጥም አለ። ከማሰሮ በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የንግድ ፈቃድ ክፍል መሄድ ይሻላል አልናቸው። እሳቸው ግን የአንድ ከረጢት ብቅል ዋጋ ጠይቀው ቁጥሩን በስልካቸው አስጽፈው ነበር።